ከ«ሻፍት በአፍሪካ» እስከ «ቀይ ቅጠሎች»፦ የደበበ እሸቱ የትወና ጉዞ

በ1970ዎቹ ወጣት ለነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን «ሻፍት» የሚለው ስም ብዙ ነገር ያስታውሳቸዋል። ረጅም የቆዳ ካፖርት ለብሶ በኒውዮርክ ጎዳናዎች ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው፣ ለነጭ አለቃም ለወንበዴም አንገቱን የማይደፋው የግል መርማሪ የዚያ ትውልድ ኩራት ነበር። የፊልሙ ሦስተኛ ክፍል «ሻፍት በአፍሪካ» ይባላል፤ የወጣውም በ1973 ነው። የተዋንያኑ ስም በተርታ ሲወርድ፣ ከአሜሪካዊው ሪቻርድ ራውንድትሪና ከእንግሊዛዊው ፍራንክ ፊንሌይ ጋር አንድ የአገራችን ሰው ስም ይገኛል፤ ደበበ እሸቱ ይላል።

ከዚያ 41 ዓመት አለፈ። በ2014 በኢየሩሳሌም የፊልም ፌስቲቫል «ቀይ ቅጠሎች» የተሰኘ ፊልም ሲታይ፣ ያው ስም ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ግን ደበበ ከሌሎች ኋላ የሚከተል ተዋናይ ሳይሆን ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሸከመው ዋና ተዋናይ ነበር። በሁለቱ ፊልሞች መካከል የአዲስ አበባ መድረክ አለ፤ አብዮት አለ፤ ፖለቲካና እስር ቤትም አለ።

በኮሎምበስ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ በሥራ ቦታው፣ ዕድሜው የገፋ አሜሪካዊ ባልደረባው «ሻፍት ላይ የአገርህን ሰዎች አይቻለሁ» ቢለው ስሙን ጠርቶ ታሪኩን ሊያጫውተው ይችላል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱን ማቀበል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገርን ከሥሩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ደበበ እሸቱ የደረሰበትን መድረክ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ» ነው። በጅሮንድ ሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። አውሬዎችን እያናገሩ የዘመኑን አስተዳደር ስለነኩበት፣ ተውኔቱ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። የአማርኛ ቴአትር እንግዲህ ገና ከመወለዱ ከሳንሱር ጋር ተጣላ ማለት ነው። በ1935 የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝብን ለማንቃት የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ከነፃነት በኋላ የዘፈንና የተውኔት ቤት ሆነ። በ1955 ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው እሱ ነው።

የቴአትር ቤቱ ሕንፃ ያምር እንጂ ለተዋናይ የነበረው ክብር ግን ከሕንፃው ጋር አልተስተካከለም። ልጁ ተዋናይ ሲሆን ደስ የሚለው ወላጅ ጥቂት ነበር። ብዙው ሰው ተዋናይን ከአዝማሪ ለይቶ አያየውም፤ አዝማሪም ቢሆን በዚያ ዘመን የሚወደድ እንጂ የሚከበር አልነበረም። ለሴት ደግሞ የባሰ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴትን ቦታ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እነ አስናቀች ወርቁ ይህን ሰብረው መድረክ ላይ ሲወጡ የተሸከሙት ሐሜት ቀላል አልነበረም። የአተዋወን ዘይቤውም የተለየ ነበር። ተዋናይ ፊቱን ወደ ሕዝብ አዙሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እንደ ቅኔ ዘራፊ ያወርደዋል። መኳንንቱ እንደ መኳንንት፣ ሎሌው እንደ ሎሌ ይናገራል፤ ሰው ቤቱ ውስጥ እንደሚነጋገረው የሚነጋገር ግን አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1963 የኪነ ጥበባት ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉን ከመሩት አንዱ ተስፋዬ ገሠሠ ነበር። ተስፋዬ ቴአትርን የተማረው ከኮሎምበስ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው፤ ቺካጎ ጥግ ኢቫንስተን በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ። የኦሃዮ ሰው በመኪና የስድስት ሰዓት ያህል መንገድ ሄዶ የሚደርስበት ትምህርት ቤት ለአማርኛ መድረክ አንድ ትልቅ መምህር አፍርቷል ማለት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በበኩሉ ተራውን የከተማ ሰው ኑሮ የሚያሳዩ ተውኔቶችን ይጽፍ ነበር፤ የሼክስፒርን ሥራዎችም ወደ አማርኛ መለሰ። «ኦቴሎ» በአማርኛ ሲናገር የተሰማው በዚያን ጊዜ ነው።

ደበበ እሸቱና ወጋየሁ ንጋቱ የዚህ ማዕከል ፍሬዎች ናቸው። ሁለቱም በወጣትነታቸው በዚያ መድረክ ተፈተኑ፤ ሁለቱም ወደ ሃንጋሪ ሄደው ትወናን እንደ ሙያ ተማሩ። የአውሮፓ የቴአትር ትምህርት ቤት ተማሪውን ዝም ብሎ ቃል አያስጠናውም። ሰውነቱን፣ ትንፋሹን፣ አረማመዱን ያሠለጥናል፤ አንድ ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ አንድ ሰካራም ሰካራም አለመሆኑን ለማስመሰል እንዴት እንደሚጣጣር ያስጠናዋል። ይህን ይዘው ሲመለሱ የአማርኛ መድረክ ላይ ሌላ ዓይነት ሰው ታየ። ተዋናዩ ከሕዝቡ ጋር መነጋገሩን ትቶ አብሮት ከቆመው ተዋናይ ጋር መነጋገር ጀመረ።

ኮከብና ተዋናይ

በፊልም ዓለም ሁለት ዓይነት ተዋናይ አለ። አንደኛው ኮከብ ነው። ኮከብ በሄደበት ሁሉ ራሱን ይዞ ይሄዳል፤ ሕዝቡም የሚመጣው እሱን ለማየት ነው። ሪቻርድ ራውንድትሪ በ«ሻፍት» እንዲህ ነበር። ሁለተኛው ራሱን ደብቆ ሌላ ሰው የሚሆነው ነው። ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ሌባ፣ ከነገ ወዲያ መነኩሴ ሆኖ ይመጣል። ተመልካቹ «ይህን ሰው የት ነው የማውቀው?» ይላል እንጂ ስሙን አይዝም። ሙያ በልብ ነው የሚለው አባባል ለእንዲህ ዓይነቱ ተዋናይ የተነገረ ይመስላል። ደበበ የዚህ ወገን ሰው ነው።

የወጋየሁ ነገር ይህን የበለጠ ያስረዳል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1966 ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት መጽሐፉን ያነበበው ወጋየሁ ነበር። በአንድ ጉሮሮ ፊታውራሪ መሸሻን ሲያስቆጣ፣ ጉዱ ካሳን ሲያናግር፣ በዛብህን ሲያስተክዝ፣ ሰብለ ወንጌልን ሲያስለቅስ ሰሚው እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው አፍ የሚናገሩ ይመስለው ነበር። ሥራውን ትቶ ሬዲዮ የከበበ ሰው ብዙ ነበር። ወጋየሁ ደርግ ሳይወድቅ አረፈ፤ ድምፁ ግን በካሴት ተቀድቶ ስደተኛውን ተከትሎ ባሕር ተሻገረ። ዛሬም ከአገሩ ርቆ ሌሊት መኪና የሚያሽከረክር ሰው ያንን ድምፅ እየሰማ መንገዱን ይጨርሳል።

እንግዲህ ከሁለቱ ባልንጀሮች አንዱ ድምፁን ትቶ አለፈ፤ ሌላው ፊቱን በፊልም ላይ አኖረ። መድረክ ላይ የሠሩት ግን መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ወርዷል። የአማርኛ ቴአትር ወርቃማ ዓመታት የሚባሉት ምሽቶች በአብዛኛው በፊልም አልተቀረጹም። የቀረው በተመልካቹ ልብ ውስጥ ያለው ነው፤ ተመልካቹም አርጅቷል፤ እኩሌታውም በየስደት አገሩ ተበትኗል።

ሆሊውድ አዲስ አበባ ሲገባ

የመጀመሪያው «ሻፍት» በ1971 ሲወጣ ኤም ጂ ኤም የተባለው የፊልም ኩባንያ የገንዘብ ችግር ነበረበት፤ ፊልሙ ያስገባው ገቢ ብዙ ረዳው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ተሠራ፤ በ1973 ሦስተኛው። ደራሲው ስተርሊንግ ሲሊፋንት ከዚያ በፊት ኦስካር የተሸለመ ሰው ነበር። አዘጋጁ ጆን ጊለርሚን ደግሞ በዓመቱ የሚቃጠለውን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ፊልም ያዘጋጀው ነው። ቀረጻው በከፊል የተካሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ደበበ «ዋሳ» የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫወተ።

ከእነማን ጋር እንደቆመ መመልከት ያስፈልጋል። የክፉውን ሰው ቦታ የያዘው ፍራንክ ፊንሌይ በለንደን ከታላቁ ሎሬንስ ኦሊቪየር ጋር «ኦቴሎ» ውስጥ ኢያጎን ሆኖ የተጫወተና በዚያም ለኦስካር የታጨ ተዋናይ ነው። የአሚሩን ቦታ የያዘው ሳይ ግራንት በጉያና ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ አየር ኃይል ሲዋጋ በጀርመኖች የተማረከ፣ በኋላም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አዘውትረው ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ የሆነ ሰው ነው። እሱም በ1965 በእንግሊዝ መድረክ ኦቴሎን ተጫውቷል። ጸጋዬ አማርኛ ያስተማረው ኦቴሎ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ በነበረበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ያንኑ ተውኔት በእንግሊዝ ይጫወቱ ነበር ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባው መድረክ የወጣ ተዋናይ ከእነሱ ጋር በአንድ ፊልም ተገናኘ። ሆሊውድ የአገሬውን ሰው ለአጀብና ለሕዝብ ብዛት ብቻ በሚፈልግበት ዘመን፣ ደበበ ስም ያለው ገጸ ባሕርይ ተሰጥቶት፣ በተማረው ሙያ እኩል ቆመ።

ፊልሙ ኢትዮጵያን እንደ ኢትዮጵያዊ አያሳይም። የሰዎቹ ስም፣ ልማድና አለባበስ ከየቦታው የተቀላቀለ ነው፤ አገሩን ከሩቅ የሚያውቅ ሰው የጻፋት ኢትዮጵያ ናት። ሆኖም የታሪኩ ፍሬ ነገር ዛሬም አላረጀም። ደላሎች ወጣት አፍሪካውያንን «ሥራ አለ» ብለው እያታለሉ ወደ አውሮፓ ይወስዳሉ፤ እዚያም እንደ ባሪያ ያሠሯቸዋል፤ መርማሪው ከእነሱ ጋር ተመሳስሎ ገብቶ ደላሎቹን ያጋልጣል። በ1973 ይህ ለአሜሪካ ተመልካች የፊልም ተረት ነበር። በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አድርገው ሜድትራንያንን የተሻገሩ፣ ወይም ወንድማቸው በዚያ መንገድ የቀረባቸው ሰዎች ዛሬ ፊልሙን ቢያዩት ግን እንደ ተረት አይመለከቱትም።

ስለዚያ ዓመት ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። «ሻፍት በአፍሪካ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን ቀርፆ ለዓለም አሳየ። ዓለም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያ አየ፤ አንዷ የመርማሪ ፊልም መልክዓ ምድር፣ ሌላዋ የተራቡ ሕፃናት አገር። በመስከረም 1974 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሊያወርድ ሲል፣ በዋዜማው ምሽት የረሃቡን ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። ከዚያ በኋላ የውጭ ፊልም ሠሪዎች ወደ አዲስ አበባ እንደ ልብ የሚመጡበት ጊዜ አበቃ። ደበበ ለዓለም ፊልም በሩ በተከፈተለት ማግስት በሩ ተዘጋ።

የአብዮቱ መድረክ

አብዮቱ ቴአትርን አልገደለውም፤ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ሕዝብ ወደ ቴአትር ቤት ጎረፈ። ጸጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር»ን በ1974 አቀረበ፤ ሰው ተሰልፎ አየው። በ1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ። ሆኖም መድረኩ ሲሰፋ ማነቆውም ጠበቀ። ተስፋዬ ገሠሠ «ዕቃው» በተባለው ተውኔቱ ምክንያት ታሰረ። ተዋናይ የጽሑፉን ቃል ከሳንሱር ጽሕፈት ቤት ማኅተም ጋር እያስተያየ የሚያጠናበት ዘመን መጣ።

ያኔ ነው የተዋናይ ብልሃት የታየው። ሳንሱር ቃልን ይሰርዛል እንጂ ዝምታን መሰረዝ አይችልም። አንድ ተዋናይ ተራ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ፣ ትንሽ ቆም ብሎ፣ ተመልካቹን አየት ካደረገው አዳራሹ በሙሉ የተደበቀውን ይረዳል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ አዲስ አይደለም። በዚያ ዘመን ቴአትር የገባ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደተሳቀና የትኛው ላይ ጸጥ እንደተባለ ነው። ይህ ደግሞ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ያ ትውልድ ተዋናይ በሙሉ፣ ደበበም ጭምር፣ የተፈጨው በዚህ ወፍጮ ነው።

ከመድረክ ወደ ፖለቲካ

ተዋናይ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ደበበ የመጀመሪያው አይደለም። አሜሪካ ሮናልድ ሬገንን ከፊልም አምጥታ ፕሬዚዳንት አድርጋለች። ግሪካዊቷ ሜሊና መርኩሪ ወታደራዊውን መንግሥት ከስደት ሆና ስትታገል ቆይታ በ1981 የአገሯ የባህል ሚኒስትር ሆናለች። የደበበ ዕጣ ግን እንደ እነሱ አልሆነም።

በ2005ቱ ምርጫ ደበበ ከቅንጅት የአመራር አባላት አንዱ ነበር። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ውዝግብ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሌሎች መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የማኅበራት ሰዎች ጋር ታስሮ በአገር ክህደት ተከሰሰ፤ በ2007 ተፈታ። በመስከረም 2011 በፀረ ሽብር ሕጉ እንደገና ታሰረ፤ በኋላም ተለቀቀ። ስለዚያ ምርጫና ስለ ቅንጅት በስደት ያለው ኢትዮጵያዊ ብዙ ተከራክሯል፤ ተኳርፏልም። ኮሎምበስም ከዚህ አላመለጠችም። ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ የሆነ ሰው ግን አንድ ነገር ሊስማማበት ይችላል። የደበበን ንግግር ሕዝቡ የሰማው በፖለቲካ ሰውነቱ ብቻ አልነበረም፤ ለዓመታት ቃሉን እያመነ መድረክ ላይ ስላየው ጭምር ነው። ለተዋናይ ሕዝብ የሚሰጠው እምነት ትልቅ ሀብት ነው፤ ሀብት ደግሞ ያሳስራል።

በዚያ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ታስሮ የወጣ ሰው ትወናውን ሰቅሎ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም። ደበበ ግን ትልቁን የፊልም ሥራውን የሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ቀይ ቅጠሎች»

«ቀይ ቅጠሎች»ን ያዘጋጀው ባዚ ጌቴ ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ ሕፃን ሳለ ከቤተሰቡ ጋር እስራኤል የገባ ቤተ እስራኤል ነው። የቤተ እስራኤላውያን ጉዞ ሁለት ትልልቅ ምዕራፎች አሉት። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል የተደረገው «ኦፕሬሽን ሙሴ» ነው፤ እግሩን ተማምኖ የወጣ ብዙ ሰው በመንገድና በመጠለያ ሰፈር አልቋል። ሁለተኛው በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ያነሣው «ኦፕሬሽን ሰሎሞን» ነው። ፊልሙ የሚናገረው ከእነዚህ ጉዞዎች በኋላ በእስራኤል ስላረጁት ሰዎች ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። የ74 ዓመት አዛውንት እስራኤል ከገቡ 28 ዓመት ሆኗቸዋል። ዕብራይስጥ እምብዛም አይናገሩም፤ ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን ወግ አለቅም ብለዋል። ባለቤታቸው ይሞታሉ። አባት ቤታቸውን ትተው ከልጆቻቸው ጋር ሊኖሩ ይነሣሉ፤ ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳሉ። በየደረሱበትም የአባትነት ሥልጣን ያላቸው ይመስላቸዋል። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ አባታቸውንም ይወዳሉ። ነገር ግን ሚስት እንዴት እንደምትከበር፣ ልጅ እንዴት እንደሚቀጣ፣ ማን በማን ቤት እንደሚያዝ የሚወስነው ሕግ ተለውጧል። አዛውንቱ ቀስ በቀስ እሳቸው የሚያውቁት ዓለም በልጆቻቸው ቤት ውስጥ ቦታ እንደሌለው ይገባቸዋል።

ሼክስፒርን የሚያውቅ ሰው ይህ ንጉሥ ሊር መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ መንግሥቱን ለልጆቹ አካፍሎ ከቤት ወደ ቤት የሚንከራተተው ሽማግሌ ንጉሥ ነው። ጌቴ ሊርን ዘውድ አውልቆ የኢትዮጵያ ሽማግሌ አደረገው። በወጣትነቱ ሼክስፒር በአማርኛ ሲናገር በሰማ ትውልድ ውስጥ ያደገው ደበበ፣ በሽምግልናው የሼክስፒርን ሽማግሌ በአማርኛ ተጫወተ።

አተዋወኑም ልብ ይባል። ሰውየው ብዙ አይናገርም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ደበበ ግን እዚህ ላይ እንባውን እንኳ ቆጥቦታል። ልጁ ቤት ሲገባ ሶፋው ላይ የሚቀመጥበት አኳኋን፣ የልጅ ልጆቹ በማያውቀው ቋንቋ ሲንጫጩ ፊቱ የሚጠቁርበት መንገድ፣ የሚናደደውና ወዲያው የሚደክመው ነገር፣ ይህ ሁሉ ከብዙ ቃል በላይ ይናገራል። በሳንሱር ዘመን ዝምታን መናገሪያ ያደረገ የመድረክ ትውልድ ሙያ እዚህ ፊልም ላይ በግልጽ ይታያል። ገጸ ባሕርዩም ፍጹም ጥሩ ሰው አይደለም፤ ግትር ነው፤ ሴቶችን ይጫናል፤ እጁንም ያነሣል። ደበበ አላቆነጀውም። ተመልካቹ እየተናደደበት ያዝንለታል።

ደበበ ራሱ የኖረው አገሩ ነው። በስደት ያረጀውን ሰው የተጫወተው ከአገሩ ያልተነቀለ ተዋናይ መሆኑ ይገርማል። ነገር ግን ቤተ እስራኤላዊ ያልሆነው፣ እስራኤል ያልኖረው ተዋናይ የሠራው ሽማግሌ በኮሎምበስ፣ በክሊቭላንድ አቬኑም ሆነ በሞርስ ሮድ አካባቢ በሚገኝ አፓርታማ ውስጥ ካሉት አባት ጋር አንድ ነው። ልጆቻቸው አምጥተዋቸው የመጡ፣ ክረምቱን በመስኮት የሚያዩ፣ ስልክ ሲጠራ የማያነሡ፣ የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ሲመልስላቸው «ምን አለ?» የሚሉ አባት ማለት ነው። ይህን ፊልም ከአባትና ከልጅ ጋር አብሮ ያየ ቤተሰብ ከፊልሙ በኋላ የሚያወራው አያጣም። ምናልባትም ለዓመታት ሳይወራ የቀረውን።

ምን ቀረን?

ደበበ እሸቱን ዓለም የሚያውቀው በውጭ ሰዎች ፊልም ነው። አንዱን አሜሪካኖች ሠሩት፤ ሌላውን እስራኤላውያን። በመካከሉ በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት በመድረክ የሠራው፣ ማለትም የሙያው ትልቁ ክፍል፣ በሰው ትዝታ ውስጥ ነው ያለው። የወጋየሁ፣ የተስፋዬ፣ የአስናቀችም እንዲሁ። ከእነሱ ብዙዎቹ አልፈዋል። አስናቀች በ2011፣ ተስፋዬ በ2020 አርፈዋል። ደራሲው ጸጋዬም ቢሆን በ2006 ያረፈው እዚሁ አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ነው።

በኮሎምበስ መሀል ከተማ፣ ከስቴት ሐውስ ፊት ለፊት፣ በ1928 የተከፈተው ኦሃዮ ቴአትር አለ። በ1969 ሊፈርስ ተወስኖ ነበር፤ የከተማው ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ አዳነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ያኔ ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ሕንፃውን የፈለጉት ወርቅ ቅብ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ወላጆቻቸው የተጫጩበት፣ እነሱም በልጅነታቸው አፋቸውን ከፍተው ፊልም ያዩበት ስለነበር ነው። ስደተኛ የአዲስ አበባን ቴአትር ቤት ሕንፃ ከዚህ ሆኖ ማዳን አይችልም። በጁ ያለውን ግን ማዳን ይችላል። በየቤቱ ሻንጣ ውስጥ የቴአትር መግቢያ ቲኬት፣ የተውኔት ማስታወቂያ ወረቀት፣ ከአርቲስት ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ከሬዲዮ የተቀዳ ካሴት ሊኖር ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየምግብ ቤቱ ቡና የሚጠጡ፣ በወጣትነታቸው የብሔራዊ ቴአትርን ደረጃ የወጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ያንን ምሽት ማን ምን እንደተጫወተ፣ የት ላይ ሕዝቡ እንደሳቀ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሚጠይቃቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ በስልክ ድምፃቸውን የሚቀዳ አንድ ወጣት ይበቃል።

ልጆች «ሻፍት በአፍሪካ»ን ወይም «ቀይ ቅጠሎች»ን ሲያዩ፣ መጨረሻ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም አጣመው ያነቡት ይሆናል። ደበበ እሸቱ ብሎ አቃንቶ የሚያነብላቸው፣ ማን እንደነበረና ከየት መድረክ እንደወጣም የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው ሊኖር ይገባል።